ጌጁ ስልሳ ይላል

(ከቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር። ከትናንት ጀምሮ አልነሳም ያለ አሮጌ የሳር ማጨጃ ትራክተር ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። መምህሩ የመኪና ጥገናን ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አትክልተኛው የሚስታቸው ወንድም ነው፤ ትራክተሩም የእሱ ነው። መምህሩ አንዲት ትንሽ ማንኪያ ወደ ሰማይ ቀስረው ይቆጣሉ።)

መምህሩ፦ የሾርባ ማንኪያ አምጣ ነው ያልኩህ! ይቺ የስኳር ናት!

አትክልተኛው፦ ጋሼ፣ ዘይቱ ያው ዘይት ነው። በሷ ሦስቴ ብንጨምርስ?

መምህሩ፦ ሳይንስ በሦስቴ አይሠራም! እህትህ የሾርባውን ከለከለችህ?

አትክልተኛው፦ «ባለፈው የወሰደውን በግሪስ ለውሶ ነው የመለሰልኝ፤ ይቺ ትበቃዋለች» ብላለች።

መምህሩ፦ (ጉሮሯቸውን እየጠረጉ) ያ የምርምር ጉዳይ ነበር። በል፣ ወደ ቁም ነገሩ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅለን በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርን። ሞተሩን ስናሽከረክረው ስንት አለ?

አትክልተኛው፦ ስልሳ።

መምህሩ፦ ስንት ማለት ነበረበት?

አትክልተኛው፦ እንጃ።

መምህሩ፦ ከመቶ በላይ! ኮምፕሬሽኑ፣ የውስጥ ግፊቱ፣ ሞቷል። ትንፋሹን መያዝ ያልቻለ ሞተር ደግሞ...

አትክልተኛው፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?

መምህሩ፦ ጠብቅ። አሁን በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት እናፈስበታለን። ቁጥሩ ከጨመረ ግፊት የሚይዘው የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል ማለት ነው። ካልጨመረ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣው ቫልቭ ነው። አዙር!

(ሞተሩ እፍ እፍ እያለ ይሽከረከራል።)

አትክልተኛው፦ ስልሳ።

መምህሩ፦ በደንብ እይ!

አትክልተኛው፦ ስልሳ ነው። ደስ የሚልዎት ከሆነ ሰባ ልበልዎት።

መምህሩ፦ በቃ፣ ቫልቭ ነው! ቴስታው ይፈታል።

አትክልተኛው፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር...

መምህሩ፦ ጠብቅ አልኩህ! ቴስታ ማለት የሞተሩ ክዳን ነው። እሱ ተነስቶ ሆዱ ይታያል።

አትክልተኛው፦ ነገ ጧት አንድ ሰዓት የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሳር ለማጨድ ካልተገኘሁ እኮ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ርእሰ መምህሯ «ብረትህ ካልተነሳ አንተም አትምጣ» ብላኛለች። ተፈትቶ ይደርሳል?

መምህሩ፦ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ይጠየቃል?

አትክልተኛው፦ ስንት ሞተር ፈትተው ገጥመዋል?

መምህሩ፦ በሥዕል ነው?

አትክልተኛው፦ በብረት።

መምህሩ፦ (ድምፃቸው ይቀንሳል) በብረት አንድ። እሱም ተገጥሞ ሲያልቅ አሥራ አንድ ብሎን ተረፈኝ። እህትህ ጣሳ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ በተጣላን ቁጥር አውጥታ ታንቃጭልብኛለች።

አትክልተኛው፦ እንግዲያ...

መምህሩ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ አምፖል መቀየር እንኳ አልችልበትም። ወንበሩን የሚይዝልኝ ሰው ካላገኘሁ በጨለማ ነው የማመሸው። ንድፈ ሐሳቡ ግን አይስትም! የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ።

አትክልተኛው፦ የለም።

መምህሩ፦ አሁን እዚህ ነበር!

አትክልተኛው፦ ተቀምጬበታለሁ።

መምህሩ፦ ተነሳ!

አትክልተኛው፦ አልነሳም። ከጧት ጀምሮ ጠብቅ ሲሉኝ ጠበቅሁ። አሁን ግን እንጀራዬ ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ ተናገር! ልስማህ!

አትክልተኛው፦ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ውስጥ አንዲት ፒን አለች። ለማስነሳት ሲሽከረከር ቫልቩን በትንሹ ከፈት ታደርግለታለች፤ ግፊቱ ይወጣና መዞሩ ይቀለዋል። ከተነሳ በኋላ ራሷ ትሸሻለች። ስለዚህ በጌጅ ሲለካ ሁልጊዜም ዝቅ ይላል። ሞተሩ ጤነኛ ነው።

መምህሩ፦ (ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ) ሞተር በገዛ እጁ ትንፋሹን ሊለቅ! አዬ የኔ ወንድም! እና ጤነኛ ከሆነ ለምን አልነሳም?

አትክልተኛው፦ እርስዎ ጌጁን ሲፈልጉ የአየር ማጣሪያውን ከፍቼ ነበር። አይጥ ጎጆ ሠርታበት አየሩን ዘግታዋለች። ጠርጌ መለስኩት።

መምህሩ፦ አይጥ! ሠላሳ ዓመት ሳስተምር አይጥ የሚል ምዕራፍ አልነበረም!

(አትክልተኛው ጌጁን ፈትቶ ካንዴላውን ይመልሳል፤ ያስነሳል። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ይነሳል። የፈሰሰው ዘይት ነጭ ጭስ ሆኖ መምህሩን ይውጣቸዋል።)

መምህሩ፦ (ከጭሱ ውስጥ እያሳሉ) ተነሳ?

አትክልተኛው፦ ተነሳ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ።

መምህሩ፦ ቴስታው ሳይፈታ? ያቺን ፒን ከየት አወቅሃት?

አትክልተኛው፦ ተማሪ ሳለሁ ሳር እያጨድኩ ነበር የምማረው። ፈተና ላይም «ግፊት ዝቅ ቢል ምክንያቱ ምንድን ነው?» ተብለን ፒኗን ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ «ዜሮ! ተረት አትጻፍ» ብሎ መለሰልኝ።

መምህሩ፦ የትኛው ደንቆሮ ነው?

አትክልተኛው፦ (አንገቱን እየደፋ) እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። እህቴን ሳያገቡ በፊት ነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

መምህሩ፦ (የዘይት ጀሪካኑ ላይ ዘጭ ብለው እየተቀመጡ) ወይ ጉዴ! ትምህርቱን የተውከው በእኔ ነው?

አትክልተኛው፦ ከፋኝ፤ አልዋሽዎትም። በኋላ ግን ረሳሁት። ሳር ዜሮ አይሰጥም።

መምህሩ፦ ሌሎቹስ? ፒኗን የጻፈ ሌላ የለም?

አትክልተኛው፦ የለም። ሁሉም እርስዎ እንዳሉት «ቴስታው ይፈታ» ብለው ጻፉ። መቶ ከመቶ አገኙ።

መምህሩ፦ አሁን የት ናቸው?

አትክልተኛው፦ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው ትልቁ ጋራዥ የእነሱ ነው።

መምህሩ፦ (ብድግ ብለው ራሳቸውን ይዘው) እነሱ ናቸው? መኪናዬ እኮ እነሱ ጋ ተበትና ከተኛች ስምንት ወሯ ነው! ምን ሆና ነው ባልኳቸው ቁጥር «አይስጉ መምህር፣ ልክ እርስዎ እንዳስተማሩን እያደረግን ነው» ይሉኛል!