መሪጌታ ሜሞሪና ያልመጣው ጌም

ያልተወለደ ልጅ ስም የሚያወጣ፣ ያልተጠመቀ ጠላ «ቀጥኗል» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። ሌላው አገር እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ዝናብና ስለ ሹም ሽር ያስተነብየዋል። እኛ የላሊበላ ከተማ ልጆች ግን ገና ያልወጣ ጌም ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚፈልግ የሚተነብይ ሊቅ አለን።

ሊቁ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ። ኮምፒውተር የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። ገነተ ማርያም ባሕረ ሐሳብ፣ ያው የበዓልና የጾም አቆጣጠሩን፣ ሲማሩ ከመምህራቸው ተጣልተው በግማሽ ወጡ። የጠቡን ምክንያት ሦስት ሰዎች በሦስት መንገድ ነግረውኛል፤ ሦስቱንም አምኛለሁ። ትምህርት ቤቱ የነፈጋቸውን ማዕረግ እኛው ሰጠናቸው፦ መሪጌታ ሜሞሪ።

መሪጌታ የሚውሉት ይማርሽ ጌም ቤት፣ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ነው። አስጎብኚው ሚኪ ከሆቴሎቹ ኢንተርኔት ወሬ ለቅሞ ይመጣል። «መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ጌም ሊወጣ ነው።» እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የጣታቸውን አንጓ ይቆጥሩና ይፈርዳሉ። «አራት ጊጋ ራም። ከዚያ ካነሰ ያነክሳል። ሒሳብ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ኮምፒውተሩ ነው።»

ፍርዱ ቢስትም አይደነግጡም። አንዱን የመኪና ውድድር «እዚህ ቤት በጭራሽ አይከፈትም» ብለው ነበር፤ ተከፈተ። መኪናው ግን የአሸተን ማርያምን ዳገት እንደያዘች በቅሎ እየቆመ ነበር የሚሄደው። «ተከፈተ እንጂ መቼ ሄደ?» አሉ።

እንዳለው የሚባለው ዲያቆን ደግሞ ቱሪስት የሰጠችውን ላፕቶፕ ታቅፎ መጣ፤ የጦርነት ጌም ትችል እንደሆነ ሊጠይቅ። መሪጌታ የላፕቶፗን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ትኩሳት አላት። ካርታ ታጫውትህ።»

«አዲስ ናት እኮ፣ መሪጌታ።»

«ሕፃን አይታመምም ያለህ ማነው?»

ጉዱ የመጣው በ2007 ገና ነው። ባጃጅ ተራው አጠገብ አዳዲስ ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት ተከፈተ። ገና ማለት ደግሞ ለኛ ከተማ ዓመቱ ነው፤ ከወገል ጤና ከተማው፣ ከየቀበሌው ወጣቱ ይጎርፋል። ገናን ያልሠራ ቤት ዝንብ ሲያባርር ይከርማል። ያን ሰሞን አዲስ የኳስ ጌም እየመጣ ነው ተባለ።

የእኛ ጌም ቤት ባለቤት ይማርሽ ቁርጧን ተናገረች። «ወይ ይህን ጌም ለገና አስከፍታለሁ፣ ወይ ቤቱን ዘግቼ ወንድሜ ዘንድ ደሴ እገባለሁ። መሪጌታ፣ ይንገሩኝ፤ ምን ላስመጣ?»

መሪጌታ ከወትሮው አብዝተው ቆጠሩ።

«ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ እታለም። ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ዘመኑ ከጨመረ ጌሙም ይጨምራል። ራሙን እጥፍ አድርጊው።»

ሚኪ ሳቀ። «ጌሙን የሚሠሩት ፈረንጆች ዘመነ ሉቃስን የት ያውቁታል?»

«ዝናቡስ ሐምሌ መግባቱን ማን ነግሮት ነው የሚዘንበው?»

ራሙ ከደሴ መጣ።

ጌሙም የገና ሰሞን በአውቶቡስ፣ በፍላሽ ደረሰ። ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። እኔ ልስቅ ስለሆነ የመጣሁት ከፊት ነበርኩ። ተጫነ፤ ተከፈተ። ራሙ በቃ። መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ሊገቡ ሲሉ ግን ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

«የምስሉ ካርድ ነው፤ አልቻለም» አለ ሚኪ። «ራም ብቻ አልነበረም የሚያስፈልገው።»

መሪጌታ በዓሉን ቆጥረው ጾሙን ረስተው ኖሯል። ይማርሽ አልተሳደበችም። ጆይስቲኮቹን መሰብሰብ ጀመረች። አንዳንዱ ልጅ ወደ ባጃጅ ተራው ማዝገም ያዘ።

«ተይው» አሉ መሪጌታ። በርጩማቸውን ጎትተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማውስ ሲነኩ ያን ቀን መጀመሪያ ማየታችን ነው፤ እንደ ጫጩት ነው የያዙት። «ሚኪ፣ የማስተካከያውን እንግሊዝኛ አንብብልኝ። ካርዱን የሚያደክመውን ሁሉ ጥራ።»

«ሳሩ።»

«ይጥፋ።»

«የተጫዋቾቹ ጥላ።»

«እኩለ ቀን ላይ ይጫወቱ። ይጥፋ።»

ከፈቱት፤ ደረቀ። አጠፉ፤ ደግመው ከፈቱት፤ ደረቀ። ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንደገና ጀመሩ። «ይበቃዎታል» ስትላቸው ይማርሽን ቀና ብለውም አላዩዋት።

«የቀረው ተመልካቹ ነው» አለ ሚኪ በመጨረሻ። «እሱ ከጠፋ ስታዲየሙ ባዶ ነው፤ ድምፅም የለው።»

መሪጌታ ዞረው በሩ ድረስ የተፋፈግነውን ቃኙን። «ይሄ ሁሉ ሰው ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ? ይጥፋ።»

ጨዋታው ሄደ። ሜዳው እንደ ተለቀለቀ አረንጓዴ ወለል ነው፤ ሰዎቹ ጥላ የላቸውም። አንዷ ጎል ስትገባ ማሽኑ ዝም። መሪጌታ ብቻቸውን አጨበጨቡ። ዲያቆን እንዳለው ተከተለ። ከዚያ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ባጃጅ ተራው ጌም ቤት ጥርት ያለ ስታዲየም ነበር አሉ፤ የሚጮኸው ግን ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። የሄዱት ልጆች ጩኸታችንን ሰምተው እየሮጡ ተመለሱ። ይማርሽም ጆይስቲኮቹን መልሳ አደለች።

በማግስቱ ሚኪ መንገድ ላይ አገኘኝና «የመሪጌታ ሒሳብ እኮ ስህተት ነበር» አለኝ። ስንት ዘመን ያማኋቸውን ሰው ልከራከርላቸው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለኝም። ይማርሽ ቤት ስጮህ ጨርሼዋለሁ።