አራት ሣጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ሣጥን

ወገን፣ ዛሬ ከገዛ ሱቄ በጓሮ በር ሹልክ ብዬ የወጣሁት ቀረጥ ሰብሳቢ መጥቶብኝ አይደለም። እሱንማ ለምጄዋለሁ!

ያስወጣኝ አንድ ዝርግ አልሙኒየም ነው።

ልጄ ስምረት ሲንተሳይዘር ሠርታለች። ኪቦርድ እንዳይመስላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ ቁልፍ የለውም። ሽቦ እየሰካህ፣ ማዞሪያ እያዞርክ ድምፅ ከምንም የምታወጣበት ማሽን ነው። ሞዱላር ይሉታል። ከተበላሸ ራዲዮና ከቻይና ከመጣ ዕቃ በገዛ እጇ በይዳ ነው ያቆመችው።

ሰርግ ላይ ስትጫወትበት ግን የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከየት ገዛሽው?

ይቺ ጥያቄ አንጀቷን ነው የምታሳርራት።

ስለዚህ ናይሮቢ ለኤግዚቢሽን ስትጠራ የፊት ፓነሉን፣ ማዞሪያዎቹ የሚወጡበትን ዝርግ አልሙኒየም፣ ራሷ ዲዛይን አደረገች። ከየማዞሪያው በላይ «ድምፅ»፣ «ፍጥነት»፣ «ማሚቶ»። ከታች በትልቁ፣ «ስምረት ሠራችው»።

ማዘዙን ለኔ ተወችልኝ። ንግድ የማን ነው? የኔ!

ናይሮቢ ያለውን ፓነል ቆራጭ በዋትሳፕ ያዝኩት። ዋጋ ላይ ስንጓተት ሰነበትን። በኋላ የናሙና ፎቶ ላከና ከመቁረጤ በፊት ከፍተህ እይልኝ አለ። ዝም አልኩት። ደግሞ ላከ።

እዚህ ጋ ነው ብልጠቴ የመጣው። የኛን የድንበር ከብት ገበያ የሚያውቅ ያውቃል፤ ግመሏን ትክ ብሎ ያየ ሰው ዋጋ ይጨመርበታል። የቋመጠ ገዢ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው። እይልኝ እይልኝ የሚል ሻጭ ደግሞ ዓይንህን አስይዞ ዋጋ ሊጨምርብህ ነው።

አልከፈትኩትም። «ሳዋ፣ ቁረጥ» ብዬ መለስኩ፤ እሺ ይሁን ማለት ነው በስዋሂሊ። ዋጋውም አልጨመረ። ኮራሁ!

የዚያን ዕለት ማታ ስምረት፣ «አባዬ፣ ኮምፒውተራቸው ፊደላችንን ላያውቀው ይችላል። ናሙናውን አየኸው?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ አልኳት። ምን ልበላት?

ዛሬ በናይሮቢው ባስ ደረሰ። ጎረቤት ጠርቼ፣ ለስላሳ አስከፍቼ፣ ሱቁ መሀል ፈታሁት።

ሣጥን።

ፊደል መሆን በነበረበት ሁሉ ትንንሽ ባዶ ሣጥን! ኮምፒውተሩ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ ሣጥን አድርጎት አረፈ። ከታች በትልቁ፣ አራት ሣጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ሣጥን።

ፎቶውን ያኔ ከፈትኩት። ሣጥኖቹ እዚያም ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ለቆራጩ ስደውልለት ጌጥ መስሎት ነበር፤ ደግሞስ ሳዋ ያልከው አንተ አይደለህ አለኝ።

ጎረቤቴ ኦቦ ቦሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ «መስኮት ነው? ጥሩ ነው፣ ነፋስ ያስገባል» አሉ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ስምረት አልሳቀችም። አልተቆጣችም። ፓነሉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና፣

«አባዬ፣ የኔ ስም የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋት።

በጓሮ በር የወጣሁት ያኔ ነው።

ነገ ጠዋት ትሄዳለች፤ ሌላ ማስቆረጫ ጊዜ የለም። ቆይቼ ተመልሼ በማርከር ልጻፍልሽ ብላት፣ ተወው አባዬ፣ እንዲሁም ይሠራል አለችኝ። ናይሮቢም ያንኑ ሊጠይቋት ነው። ከየት ገዛሽው?

ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳላይ እገዛለሁ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ የልጄ ስም ዕቃ ነበር እንዴ?