ቀንን የምታማ ነርስ

ሐሙስ ዕለት እህቴ ዘሃራ እንደ ልማዷ ቀንን እያማች ምሳዋን በላች። ቀንን የምታማ ነርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌሎቹ ነርሶች ሌሊት ተረኛ ላለመሆን ይማጸናሉ። እሷ ግን «ቀን አለቃ ይቆጣል፣ ጠያቂ ይጮኻል፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይጠብቅሃል። ሌሊት ያለው በሽተኛው ብቻ ነው» ትላለች። ከስብሰባ ለመሸሽ ሌሊቱን ሙሉ መቆም! ይህም እንደ ብልጠት ይቆጠራል?

ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባዋ ሰዓዳ ከደሴ ተነሥታ ኮምቦልቻ ቤታችን ድረስ መጣች።

«ዘሃራዬ፣ ነገ የእህቴ ኒካህ ነው። ቀኑን ተኪልኝ።»

«ቀን? ምን በድዬሽ ነው?» ብላ ሳቀች፤ እሺም አለች።

አርብ ጠዋት ደሴ ወዳለው ሥራዋ የተሳፈረችበት መኪና ሐረጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ተገለበጠ። እህቴ አልተረፈችም። በዚያው ቀን ቀበርናት። ሰዓዳ ለቅሶ አልደረሰችም፤ «የገደልኳት እኔ ነኝ» ብላ በሯን ዘግታለች አሉን።

ቅዳሜ ጠዋት በዚያው መንገድ ወደ ደሴ ወጥቼ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቷ ሄድኩ። ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅሳለች። እኔ ምን እላለሁ?

«እትዬ ሰዓዳ፣ አብሽሪ» አልኳት። «እህቴ ሌሊቱ ሰልችቷት ነበር። ወደ ቀን ለመዛወር ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኳት።