ሳር ይዛ የተንበረከከችው ቮልስ

መኪና ተንበርክካ ስትለምን አይቻለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አታምኑኝም! አውቃለሁ። እዚህ ሴቻ ሰፈር የሚያውቀኝ ሰው «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ብዬ ብነግረው እንኳ ስልኩን አውጥቶ ያረጋግጣል። ምን ላድርግ፣ ሰው መሸወድ እወዳለሁ። አንዳንዱ ኳስ ይወዳል፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ይወዳል፣ እኔ ሙድ መያዝ እወዳለሁ። የዛሬው ግን እውነት ነው። ወራጅ ካለ አሁኑኑ ይውረድ፤ የቀራችሁት ጠጋ ጠጋ በሉ።

ትልልቅ ሰዎችን አጥንቻቸዋለሁ። መጀመር ላይ የሚያህላቸው የለም። ሰኞ ጠዋት ሩጫ ይጀምራሉ፤ ረቡዕ ላይ ጫማው አልጋ ሥር ገብቷል። ዶሮ እናረባለን ብለው ቤቱን አሳምረው ይሠሩና ዶሮዋን መግዛት ይረሳሉ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፣ እንዳትፈርዱባቸው። ሞራላቸው አልቆ ነው። ሞራል ደግሞ ክፋቱ እንደ ጎማ ነው፤ ቀስ እያለ ሲተነፍስ አይሰማም፣ የምታውቁት መሬት ላይ ሲለጠፍ ነው። የመኪና ዕቃ ከአዲስ አበባ ታዞ በአውቶቡስ ይመጣል። የሞራል ዕቃ ግን የሚሸጥበት ሱቅ አላየሁም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሞራል መካኒክ እኔ ነኝ። ማን ሾመሽ እንዳትሉኝ። ራሴ ነኝ።

በሽተኛዬ አባዬ ነው። አባዬ ቀን ቀን ቢሮ ይሠራል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ መሃል ቆሞ በወፍራም ድምፁ ይዘምራል፣ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ከቮልሱ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ቮልሷን ያገኛት አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ነው፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ በሚያመላልስ ፒክአፕ ተጎትታ ስትመጣ የሰፈሩ ድመት በሙሉ እንደ ሙሽራ አጅቦ አስገባት። በዕድሜ አባዬን ትበልጠዋለች። ወለሏን ዝገት በልቶት ውስጧ ቁጭ ብዬ በእግሬ መሬት እነካ ነበር። አባዬ ግን ዙሪያዋን እየዞረ «አየሻት? አየሻት?» ይለኛል። አየኋት። ቀዳዳ ነበር ያየሁት።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ካላችሁ፣ ለአያቴ ነው። የአባዬ አባት ኦቾሎ ላይ፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል የሚያይ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ሸማኔ ነው። እኛ ቤት ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ሚኒባስ አይሳፈርማ! «ሰው እንደ ሙዝ በሚታጨቅበት አልገባም» ይላል። «ልጄ የራሱን መኪና ይዞ ሲመጣልኝ ያኔ እወርዳለሁ።» አባዬ ቮልሷን ባገኘ ማግስት ደውሎ «አባ፣ ተዘጋጅ!» አለው። አያቴ ተዘጋጀ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ዓይን የሚወስድ ዱንጉዛ፣ የኛን የጋሞ ሸማ፣ በእጁ ሸምኖ የወንበሮቿን ልብስ ላከ። ስለዚህ የኛ ቮልስ ሞተሯ ሳይነሳ፣ ወለል ሳይኖራት፣ ዱንጉዛ ለብሳ ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ አለች። እርቃኗን ሆና በሻሽ ያጌጠች ሴትዮ በሏት።

ስንት ወጣባት? አልነግራችሁም፤ አባዬ ራሱ ላለማወቅ ነው የሚጥረው። እኔ የማውቀው ቤታችን ሳይገቡ የቀሩትን ነው። ልንገዛው የነበረው ሶፋ ካምቢዮ ሆነ። ለኔ ቃል የተገባልኝ ስልክ ፍሬን ሆነ። ፍሪጁ ስቱኮና ቀለም ሆኖ በሯ ላይ ተለቀለቀ። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ዱካ አቅርባ «ሶፋችን ውጭ ነው፣ ማንጎው ሥር» ትላለች። በቮልሷ ነገር የእማዬ ምላስ አይቻልም! አንድ ቀን የፊት ኮፈኗን ከፍታ ባዶ ሆኖ ስታየው «ሞተሩንም ሳይሰጡህ ነው የሸኙህ!» ብላ ጎረቤቱን በሙሉ አሳቀችበት። አባዬ ሆዱን ይዞ እየሳቀ የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደሆነ፣ የፊቱ የሻንጣ ቦታ እንደሆነ ሊያስረዳት ጀመረ። አላስጨረሰችውም። «ሞተሯ የት እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም!»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

የአባዬ ሞራል መጀመሪያ የተነፈሰው ሞተሯ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዶ የውሃ ሽታ የሆነ ጊዜ ነው። ሸራ አለበሳትና ተዋት። በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ እንደ ተጣሉት ሰው ፊቱን ያዞራል። እኔም ሥራ ጀመርኩ። ከተማችን ስሟ አርባ ምንጭ ይሁን እንጂ እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ውሃ የመጣ ቀን አባዬ ግቢው ውስጥ ካለችው ሻወር ቤት እየዘመረ ነው የሚውለው። በእማዬ ስልክ የቮልስ ሞተር ድምፅ አወረድኩ፣ የቤታችንን ትንሽ ስፒከር ሸራው ሥር ደበቅኳት፣ ለቀቅኩት። ድግድግድግድግ! መዝሙሩ ቀጥ አለ። አባዬ ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙናው ራሱ ላይ እንደ ባርኔጣ ተቆልሎ «ተነሳች!» እያለ ዱብ አለ። ሞተር የሌላት መኪና እኮ ናት!

ሸራውን ገልጦ ስፒከሯን ሲያገኛት እኔ ማንጎው ላይ ወጥቼ ነበር። ሊገለኝ ነው አልኩ። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ቀና ብሎ «እንደዚህ ነው የምትሆነው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ልጅ። ሳሙናውን ሳይታጠብ የወለሏን ላሜራ መለካት ጀመረ። ሕክምና ማለት ይሄ ነው!

ሞተሩ መጣ። ተገጠመ። የምትነሳበት ቀን ጎረቤቱ በሙሉ ተሰበሰበ፤ አባዬ አያቴ ድምፁን እንዲሰማ ደውሎለት ስልኩን በመስኮት አወጣው። ቁልፉን አዞረ። ቮልሷ አንዴ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጸጥ አለች።

«ያቺ ናት?» አለ አያቴ በስልኩ።

«አይ አባ» አለ አባዬ። «የጎረቤት ፍየል ናት።»

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ ጸለየ። እሷ ወይ ፍንክች። አንድ ዓርብ ማታ እራት ላይ ከሳህኑ ቀና ሳይል «ነገ ጠዋት ከሶዶ ብረት ገዢ ይመጣል፤ ይውሰዳት» አለ። እኔ ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። አያቴስ? ለአያቴ ምን ሊለው ነው? ዱንጉዛው አብሮ ሊሄድ ነው? «እሰይ» አለች እማዬ። ግን አልደገመችውም። እማዬ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ ብቻ ብላ አታውቅም።

ስፒከር አሁን አይሠራም፣ ተነቅቶበታል። ስገላበጥ አድሬ ሊነጋ ሲል መጣልኝ። ሳር!

እዚህ ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊታችሁ ከተንበረከከ አለቀ። የፈለገ ብትናደዱ፣ ያን ሳር ረግጦ የሚያልፍ ሰው የለም፤ የተለመነ ሰው ይሰማል። እኔ ሳር ልያዝ ብል ደግሞ ማን ይሰማኛል? ሴት ልጅ፣ ያውም ቀልደኛ! ግን ማንጎው ሥር ከአባዬ የምትበልጥ ሽማግሌ ቆማ የለም እንዴ? ተነስቼ ቦዩ ዳር ሄድኩ፣ ጤዛ ያለበትን ሳር እቅፍ ሙሉ አጨድኩ። መጥቼ የፊት ጎማዎቿን ንፋስ ለቀቅኩት። ፍስስስስ... ቮልሷ በአፍንጫዋ ቀስ እያለች ወረደች። እውነቴን ነው፣ ተንበረከከች! ሳሩን ባምፐሯ ላይ አስያዝኳትና ሸራውን መልሼ ቤት ስገባ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፣ እጇን ከኋላዋ ይዛዋለች።

«የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ሽንት ቤት።»

«እኔም» አለችና ወጣች።

ረፈድ ሲል አይሱዙው ደረሰ። ባለ ኮፍያው የሶዶ ሰውዬና ሁለት ጫኞች ወረዱ። አባዬ ፊቱን አዙሮ ሸራውን ሳበው። አንደኛው ጫኝ፣ የኛው የጋሞ ልጅ ነው፣ ገመዱን መሬት ላይ ጣለው።

«እኔ አልነካትም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሰውዬው።

«ሳር ይዛለች፣ ጋሼ።»

«መኪና ናት እኮ!»

«ተንበርክካለች እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ ሳር የሚይዘው ሽማግሌ ነው!»

ጫኙ ቮልሷን ከላይ እስከ ታች አያት፣ ሰውዬውንም ከላይ እስከ ታች አየው። «ከእርስዎ ትበልጣለች» አለው።

ሳቄን ለመዋጥ ቀሚሴን ነክሻለሁ። ይሄኔ ሁለተኛው ጫኝ ሊገፋት ወደ ኋላ ዞሮ «ኧረ ከኋላም ይዛለች!» ብሎ ጮኸ። ሳቄ ቀጥ አለ። ከኋላ? እኔ ከፊት ብቻ ነው ያስያዝኳት! ዞሬ ሳይ የሞተሩ ክዳን ላይ ሌላ እርጥብ ሳር፣ በሥርዓት ታስሮ ተሰክቷል። ሁሉም አየኝ። «የኋላውን እኔ አይደለሁም» ብል ማን ያምነኛል?

አባዬ ዞሮ ወደ ፊቷ መጣ። ከዚያ ጎንበስ አለና የፊቱን ሳር በሁለት እጁ ተቀበላት። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለምናኛለች» አለው ሰውዬውን። ሰውዬው መጀመሪያ ፈላ፤ ቀጥሎ ኮፍያውን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ዕድሜ ልኬን ብረት ስጭን ብረት ሲለምነኝ ዛሬ ነው!» አለ። አንድ ጆንያ ማንጎ ጭነንለት በሰላም ሄደ።

አባዬ የኋላውን ሳር ሊያወጣ የሞተሩን ክዳን ከፈተው። ከከፈተው ደግሞ አየው። ካየው ደግሞ እጁን ሰደደ። እኛ ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ ከውጭ «አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አምጪ!» የሚል ድምፅ መጣ። ያ ድምፅ! እየበረርኩ ነው የወሰድኩለት። የበሽታዋ ምክንያት በመጨረሻ ተገኘ፦ ቤንዚን መያዣዋ ውስጥ የነበረ የድሮ ዝገት ቱቦውን ደፍኖት ነው። ታጠበ፣ ተነፋ፣ ተገጠመ።

ከዚያ ውሃ የመጣ ቀን፣ አባዬ ሻወር ቤት ሲገባ «ቁልፉን እንዳትነኪ» አለኝ። ይሄን ለኔ ማለት ንኪ ማለት ነው። ነካሁት። ድግድግድግድግድግ! ወንበሩ ከነዱንጉዛው ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያዋ ላይ ማንጎ ወደቀ፣ ድመቶቹ ተበተኑ። «አባዬ! ተነሳች! ተነሳች!»

«ዛሬስ አልሸወድም!» አለኝ ከውስጥ። «ስፒከሩን አጥፊው!» ብሎ መዝሙሩን ቀጠለ።

እማዬ ግን እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ከማድ ቤት ወጥታ ሮጠች። ወደ ፊት አይደለም የሮጠችው። ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ልጅ አተኩሶት እንደሆነ እንደምትዳስስ እናት መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ሞተሯ የት እንዳለ የማታውቀው እማዬ! ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እንዲያ ነው። ምንም አላየሽም።»

አባዬ ተጣጥቦ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ሲወጣ ጭሱን አየ። ፎጣው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አባቴ ነው።

አሁን የቀረን አንድ ችግር ነው። አያቴ ጋ ደውዬ «መኪናዋ ተነሳች፣ ቅዳሜ እንመጣለን!» ስለው «አንቺ ነሽ? ሌላ ሰው ይንገረኝ» ብሎ ዘጋብኝ። አባዬ ሲደውል ደግሞ «ፍየሏ እንዴት ናት?» አለው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ወደ ኦቾሎ የምትወጡ ካላችሁ፣ ወይ የሚወጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ይሄን ታሪክ እየተቀባበላችሁ አድርሱልኝ። የኋላውን ሳር ማን እንዳስያዛት ለሱ ብቻ በጆሮው ንገሩት። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ይጠብቅ፤ ያቺ ተንበርክካ የነበረችው ቀና ብላ እየመጣችልህ ነው በሉት።