ስድስተኛው ገጽ

በየካቲት ሚካኤል ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳባት ባለ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አንድ ገበሬ የጠመኔ ካርቶን አምስት ገጽ አለው ብለው መለሱ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም ለዘገባ ሄጄ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

በዓይኑ ያላየውን ከአፉ የማያወጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለሽምግልና ሁሉ የሚፈለግ፣ በፈተና ቀን ግን ጉድ የሚያፈላ? ገበሬው አያ ተገኘ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ባለሦስት ጎኑንና ባለአራት ጎኑን ቅርጽ ሳይሳሳቱ ለይተዋል። የቀረቻቸው ካርቶኗ ናት። ከወደቁ ግን፣ ባለፈው ዙር ያለፉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ ሊያነቡላቸው ነው።

«ስድስት በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ በመስኮት በኩል።

«አንቺ አይተሽዋል?»

«ሁሉም ስድስት እያለ አይደል ያለፈው!»

«ይበላ!» አሉ አያ ተገኘ፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ተሟጋች። «ከላይ አንድ፣ ዙሪያውን አራት። የተቀመጠበትን አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ለአንዲት ካርቶን ነው! በዚያ ዘመን በየስብሰባው ያላየውን አየሁ ብሎ እጁን የሚያወጣ ስንት ነበር?

ፈታኙ መምህር ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ አያ፣ ተነሥተው ለምን አያዩትም?»

አያ ተገኘ ተነሡ። ካርቶኑን ገለበጡ፣ ሥሩን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ወደ መስኮቱም ዞር አድርገው አሳዩ።

«አሁን ስድስት ነው። ጻፍ፣ ልጄ።»

መምህሩ ጻፈ። ከቀትር በፊት አያ ተገኘ ፈርመው የምስክር ወረቀታቸውን ወሰዱ።