የሆድ ጠጉር ነገር

የሰው ልጅ በጠጉር ላይ ያለው አቋም እስከ ዛሬ አልገባኝም። አገጭ ላይ ሲበቅል ግርማ ነው፤ አናት ላይ ሲበቅል ተጎንጉኖ፣ ቅቤ ጠጥቶ ለበዓል ይወጣል። ያው ጠጉር ዝቅ ብሎ ሆድ ላይ ብቅ ሲል ግን እንደ ሌባ ይታደናል። ወንድ ከሆናችሁ ምንም አይደል፣ ሰው አይቶ ያልፋችኋል። ሴት ከሆናችሁ ምላጭ ትገዛላችሁ። እኔ ገዝቻለሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ከእምብርቴ ወደ ታች የምትወርደውን ቀጭን መስመር ስላጭ፣ ሲያሳክከኝ፣ ሽፍ ሲልብኝ ኖሬያለሁ። የሰው ሆድ ሳይ እየዋልኩ በራሴ ሆድ አፍራለሁ። ሳቁ፣ ያስቃል።

አንድ ረፋድ አወጣሽ የምትባል ወጣት ከአማቷ ከእማማ ለምለም ጋር መጣች። ከሰሃላ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ሰቆጣ ዘመድ ቤት አርፈዋል። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም።

"ከትናንት ጀምሮ ልጁ ዝም ብሎናል" አሉኝ አማቷ።

ደነገጥኩ። አልጋው ላይ አስተኝቼ ቀሚሷን ከፍ እንድታደርግ ብነግራት በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው።

"አልገልጥም።"

"እህቴ፣ የልጁን ልብ ልሰማ ነው።"

"በልብሱ ላይ ስሚው።"

እማማ ለምለም በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ተቆጧት። እሷም በኽምጣና መልሳ አለቀሰች።

"ምን አለች፣ እማማ?"

"ካረገዘች ወዲህ ሆዷ ጠጉር አብቅሏል። ልጁን የጎዳው እሱ መስሏታል። ለእኔም ገና አሁን መናገሯ ነው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይቺ ደግሞ በሽታ ያልሆነውን ደብቃ ከመድኃኒቱ ስትሸሽ ስምንተኛ ወሯን ያዘች! ስለ ሆርሞን ላስተምራት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጊዜው የትምህርት አልነበረም። ጋውኔን ገለጥኩ፣ ሸሚዜን ሰበሰብኩና ሰሞኑን ያልላጨሁትን ሆዴን አሳየኋት።

"እዪ። እኔ እርጉዝ እንኳ አይደለሁም።"

አፍጥጣ አየች። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ላሉ።

የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ ሆዷ ላይ አሳረፍኩ። ዝም። ወደ ግራ ወሰድኩት። ዝም። እማማ አማተቡ። ትንሽ ወደ ታች፣ እዚያች ለስላሳ ጠጉር ላይ ሳደርሰው፣ ክፍሉ በድምፅ ተሞላ፤ ድው ድው ድው፣ ቸኩሎ መንገድ እንደጀመረ ሰው። ስንት ሆድ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት።

"እሱ ነው?" አለች አወጣሽ።

"እሱ ነው።"

"እኔ ውስጥ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሦስታችንም ያንን ድምፅ እንደ ቅዳሴ ቆመን ሰማነው፤ እሷ ተኝታ እንኳ የቆመች ትመስል ነበር።

እስከ ከሰዓት አቆየኋት፤ ልጁም መራገጥ ጀመረ። ጠጉሩ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜም ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ መሆኑን ነገርኳት፤ ባይረግፍም ማንንም እንደማይጎዳ፣ መላጨትም መተውም የራሷ ፈቃድ እንደሆነ።

ሲወጡ እማማ ለምለም ወደ ኋላ ቀሩና በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ሲስተር፣ እኔም አለኝ። አምስት ስወልድ ባሌ አላየውም።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"ሁልጊዜ ኩራዙን ቀድሜ አጠፋለሁ። እስከ ዛሬ ጋዝ ቆጣቢ ሚስት አለችኝ እያለ ለጎረቤት ያመሰግነኛል።"