ካምቢዮ የምትበላ መኪና

«ያገለገለ መኪና» የሚለውን አጠራር ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ግን ጨዋ ሰው መሆን አለበት። ለአገሩ ብዙ ደክሞ በክብር ጡረታ የወጣ ሹም ነው የሚያስመስለው። ማንን አገለገለ? ለምን ተሸኘ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ጅቡቲ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከመርከብ የወረደ ነገር ሁሉ ደህና ይመስለናል። ቀለሙን እናያለን፣ በሩን ከፍተን እንዘጋለን፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን እንሞክራለን። በሐምሌ ሙቀት ቀዝቃዛ አየር ፊቱ ላይ የተነፈሰበት ሰው ስለ ሌላው ዕቃ ምን ትዝ ይለዋል?

እኔም ትዝ አላለኝም። ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የምሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አንዲት ብርማ መኪና ወደብ ላይ አይቼ ወደድኳት፤ ገዛኋት። ባለቤቴ ሙና ዞራ ዞራ አየቻትና «ታምራለች፤ ግን ለምን ሸጧት?» አለችኝ። «ሰው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ይሸጣል» አልኳት፤ በመልሴም እኔው ራሴ ረካሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ፣ ካፌ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። መካኒኬ ጉሌድ አንገቱን ነቀነቀ። «ካምቢዮው ሞቷል» አለ። ከሌላ እንደሷ ካለች መኪና የተፈታ ካምቢዮ ገዝቶ ገጠመልኝ። ለሱቁ ዕቃ ማምጫ ያልኩት ገንዘብ እዚያው ቀለጠ። ይሁን፤ ዕድል ነው፣ አንዴ ያጋጥማል አልኩ።

የሙና እናት እማ ዘይነባ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሙቀቱ ሲብስባቸው ሐኪሙ ከፍ ያለ ቦታ ውሰዷቸው ስላለን ወደ ተራራማዋ አርታ ከተማ ተነሣን። ፔካ 12 የሚባለውን የከተማ መውጫ ሰፈር አልፈን የጭነት መኪኖቹ መንገድ ላይ ነን። አንዱን ተሳቢ ልቀድም ወጣሁ። ግማሹን እንዳለፍኩት መኪናዋ ጉልበቷ ጠፋ። እረግጣለሁ፣ ትጮሃለች፣ አትሄድም። ከፊት ለፊት ሌላ ተሳቢ ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። ሙና እናቷ ላይ ተደፋችባቸው። እኔ መሪውን ወደ ግራ አሸዋው ላይ ጣልኩት፤ ተሳቢው የጎን መስታወታችንን ገንጥሎ አለፈ።

መኪናዋ አሸዋው ውስጥ ቆመች። ከኋላ እማ ዘይነባ በቀስታ «ሙና፣ ሞትን እንዴ?» አሉ።

ልቀድመው የነበረው ተሳቢ ሹፌር፣ ያገሬ ሰው፣ እየሮጠ መጣ። ሊሰድበኝ ነበር፤ አሮጊቷን ሲያይ ተወው። «እናት፣ ይውረዱ» ብሎ ደግፎ ወደ ጥላ ወሰዳቸው።

በነጋታው መኪናዋን የሠራው ፋብሪካ እዚህ ወዳቋቋመው ወኪል ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ ያለችው ወይዘሮ የሻንሲ ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብታ የወጣላትን አነበበች።

«ሙሴ፣ የዚህ ካምቢዮ ችግር የታወቀ ነው» አለች፤ «ሙሴ» እዚህ አገር በፈረንሳይኛው «አቶ» ማለት ነው።

«ማን ነው ያወቀው?»

«ፋብሪካው። እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት።»

መጀመሪያ በተሸጠችበት አገር ባለመኪኖቹን እየጠሩ በነፃ ይቀይሩላቸው ነበር አሉ። እዚያ ለተሸጡት ነው፤ እዚያ ላሉ ሰዎች። እዚህ ያለነውን ግን አይመለከትም አለችኝ።

«እዚህ ያለ ሰው አይሞትም?» አልኳት።

«ይገባኛል ሙሴ። ደንቡ ነው» አለች፤ እውነትም የገባት ትመስላለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። መንገድ ላይ ስንደርቅ አልደነገጥኩም ማለት ይቻላል፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ። እማ ዘይነባን ሊገድል የነበረውን ዕቃ የሠራው ሰው ያውቅ ነበር! አውቆ ዝም! ለካ ጉሌድ የገጠመልኝም ያንኑ በሽተኛ ካምቢዮ ነው። ስነግረው «ሌላ ከየት ላምጣ? ገበያ ላይ ያለው እሱ ነው» አለና ሦስተኛውን ገጠመ። እኔም ልሸጣት ቆረጥኩ።

ገዢ መጣ፤ ጀማል የሚባል የሐረር ሰው፣ ቅመም ነጋዴ። ዋጋ ልንጨርስ ስንል ሙና ከበሩ ላይ «ይሄ ሰውዬም እናት ይኖረዋል» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ ተሳቢውን፣ መስታወቱን፣ ወኪሉ ያለውን። ሽያጩ አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ጀማል አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ «አሁን ያለው ካምቢዮ ግን ይሠራል?» አለኝ።

«እስካሁን ይሠራል።»

«አልሃምዱሊላህ! እኔም እንደሷ ያለች አለችኝ። ካምቢዮዋ ሞቶ ነው። የምፈልገው የዚችን ነው፤ ፈትቼ እገጥመዋለሁ አቦ።»

ሙና አፏን ከፍታ ቀረች። «ሰምተህ የለ እንዴ?»

«ሰማሁ እህቴ። ታዲያ ልጆቼን ትምህርት ቤት በምን ላድርስ?»

ቁልፉን ልሰጠው አልቻልኩም። ብዙ ከተሟገትን በኋላ፣ አንድ ሰው ሲጮህ ካልሰሙ ሁለት ሲሆን ይሰማሉ ብለን፣ ጠዋት አብረን ወኪሉ ጋ ለመሄድ ተስማማን። በጊዜ ደረስን። በሩ ገና አልተከፈተም፤ ሰልፉ ግን ጥጉን ዞሯል። መጨረሻ ላይ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ አየንና ትንሽ ጠጋ አለልን።

«ካምቢዮ ነው?» አለ።